የጎመናችንን ጠባቂ ተርብ አንፍጃት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በአቃቂ ዳርቻ የጎመን ማሳዎች ላይ በጅምላ የሚረጨው መርዝ እጅግ ያሳስበኛል። ቅጠሉን የሚበሳሳው ትል የአንዲት ትንሽ የእሳት እራት እጭ ነው፤ እናቲቱን ወደ ጎመንና ሰናፍጭ የሚስባት የቅጠሉ ሰንፋጭ ሽታ ነው። ትሉ ሲነኩት ይወራጭና በቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ጠላቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም ተርብ ናት፤ እንቁላሏን በገላው ውስጥ ትጥላለች፣ እጯም ከውስጥ በልታ ትጨርሰዋለች። መርዝ ሲረጭ ቀድማ የምታልቀው እሷ ናት። ትሉማ ይለምደዋል፤ ዲዲቲን መቋቋሙ በኢንዶኔዥያ የተመዘገበው ገና በ1953 እ.ኤ.አ. ነው።

ጎረቤቶቼ፣ ከመርጨታችሁ በፊት እባካችሁ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጡ። በስስ ድር ውስጥ አረንጓዴ ሳይሆን ጠቆር ያለ ቡናማ ሙሽሬ (እጭ ወደ ባለ ክንፍ ነፍሳት ሲለወጥ የሚያልፍበት ደረጃ) ከበዛ ተርቧ ሥራ ላይ ናትና መርጫውን አቆዩት። የግብርና ባለሙያዎችም ማሳችን ድረስ መጥተው ልዩነቱን ያሳዩን።

አንድ አትክልት አምራች፣ ከአቃቂ