ጎንደር ጠፍታ ነበር እንዴ?

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ሰነበትክ?

ተቀይመኸኛል፣ አውቃለሁ። ስትደውል አላነሳሁም፤ ነገ እደውላለሁ ስል ወሩ አለፈ፣ ከዚያ አፈርኩ። ይቅር በለኝ። የቀረውን ስንገናኝ ትሰድበኛለህ።

አሁንም የጻፍኩት ቸግሮኝ ነው። አስጎብኚ ልሆን እየተለማመድኩ ነው። ሳቅ! ከአንተ እየኮረጅኩ እንግሊዝኛ ያለፍኩት ሰውዬ ፈረንጅ ላስጎበኝ። ስቀህ ስትጨርስ እርዳኝ፤ ሰኞ ፈተና አለብኝ።

የያዘኝ «መጀመር»ን በእንግሊዝኛ ማለት ነው። ባለፈው ሁለት እንግዶች ይዤ ፋሲል ግቢ ገባሁ። ከግንቡ ፊት ደረቴን ነፍቼ፣ ዐፄ ፋሲል በፈረንጆቹ 1636 ጎንደርን ቆረቆሩ ልል፣ «ፋሲል ፋውንድ ጎንደር» አልኩ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ «ጠፍታ ነበር እንዴ?» አትለኝም! ለካ «ፋውንድ» ሲባል አገኘ ነው፤ ቆረቆረ ለማለት «ፋውንድድ» መባል አለበት። በአንዲት «ድ» ንጉሡን ዕቃ የጠፋበት ሰው አደረግኳቸው።

ከዚያ ወዲያ «ስታርት» ላይ ሙጭጭ አልኩ። ደግ ቃል ነው። እኛ መኪና እናስነሳለን፣ እሳት እናያይዛለን፣ ጠብ እንጭራለን፤ እነሱ ሦስቱንም «ስታርት» ብለው ይገላገላሉ። «ቢጊን» ግን ኩሩ ነው፣ መኪና አያስነሳም። ደብተሬ ላይ ሁለቱም «ጀመረ» ተብለው ተጽፈዋል፤ ያውም በአንተ እጅ ጽሑፍ!

ትናንት ደግሞ አንድ ሽማግሌ እንግዳ አግብተሃል ወይ ቢሉኝ፣ ጎጆ ወጥተናል ለማለት «ስታርትድ ኤ ፋሚሊ» አልኳቸው። እጄን ጨብጠው «ወንድ ነው ሴት?» አሉኝ። ለካ በእነሱ ቤት ይሄ ልጅ መውለድ ነው። ላስተካክል ፈልጌ ነበር... አፌ ተያዘ።

ምን ብዬ እንደምነግርህ እንጃ። «ስታርት» እስከዛሬ ስቆብኝ አያውቅም፤ አሁን ግን ይሄ ቃል አውቆብኛል መሰለኝ። ምክንያቱም ሽማግሌው አልተሳሳቱም። ሚስቴ ቡና መቁላት ትታለች፣ ጭሱ ይሸታታል። ሦስት ወሯ ነው። እናቴ እንኳ ገና አልሰማችም። የነገርኩት ሰው አንተን ብቻ ነው፤ ያቺ አፈ ሰፊ እህትህ ጋ እንዳይደርስ!

እና በል፣ ሥራ፣ ጾም፣ ዘመቻ፣ ወሬ፣ እነዚህን ሁሉ በምን በምን ቃል እንደሚጀምሯቸው ጽፈህ ላክልኝ። ጾም መያዝን በተለይ፤ እንግዶች ምሳ ላይ ይጠይቁኛል። እሁድ ማታ እደውላለሁ። እንደ እኔ አትሁን፣ አንሳ።