የሬቲና ካሜራው ግዢ ትንሽ ነው የቀረው፣ እንጨርሰው

የሰሜን ሸዋ ልጆች ባላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። ደብረ ብርሃን ላለ አንድ የአይን ክፍል የአይንን ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ፣ ፈንደስ ካሜራ የሚሉትን ማለት ነው፣ ለመግዛት የጀመርነው መዋጮ ከግማሽ አልፏል ግን የቀረው ከብዶናል።

አይን ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ትራኮማና ሞራ ነው። ካሜራው የሚያሳየው የሬቲና ደም ቅዳ ብግነት ግን ከውጪ ሲያዩት ምንም ላይመስል ይችላል። አይን ውስጥ ከጀርባ በኩል ያለውን፣ ብርሃን ተቀብሎ እንድናይ የሚያደርገውን ስስ ሽፋን፣ ሬቲናን የሚመግቡት ደም ቅዳዎች ሲቆጡ ደም በደንብ አያልፍም፣ ከተዘጉ ደሞ ያ ቦታ ይሞታል፣ የሞተውን ኦፕራሲዮንም መነጽርም አይመልሰውም። ሰውየው ግን የሚለው ብዥ አለብኝ፣ ዝንብ መሳይ ነገር ይዞርብኛል ብቻ ነው፣ እኛም ምች ነው ብለን እናልፈዋለን። ሸንኮራ ዮሐንስ የሚጠመቅም አለ፣ ጠበሉን ማንም አይከለክልም፣ ብቻ ሐኪሙም አብሮ ይይ።

መነሻው ብዙ ነው፣ በድመት ኩስና በጥሬ ስጋ የሚመጣው ቶክሶፕላዝማ አለ፣ ቲቢ አለ፣ ቂጥኝ አለ፣ አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስ አለ። ይሄ ቫይረስ በጣም ክፉ ነው፣ ሬቲናውን በቀናትና በሳምንታት ይጨርሰዋል፣ ካልታከመ ወደ ሌላኛውም አይን ሊሻገር ይችላል። መድሃኒታቸው ደሞ ይለያያል፣ መነሻው ኢንፌክሽን ሆኖ ብግነት የሚያበርደው ስቴሮይድ ብቻውን ከተሰጠ ያባብሰዋል እኮ።

ካሜራው ሲኖር ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው አዲስ አበባ ላለ የሬቲና ስፔሻሊስት ይላካል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም ካለፈው ጋር ይተያያል። ደም ቅዳው ላይ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ነጫጭ ነገር የሚደረደርበት አይነት አለ፣ ኪሪላይስ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1933 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነው፣ ያ ነጭ ነገር ብግነቱ ከበረደ በኋላም ሊቆይ ይችላል፣ የበፊቱ ፎቶ ከሌለ እየዳነ ይሁን እየባሰበት ሐኪሙ በምን ይለየው?

አሁን ከመሃል ሜዳ ወይ ከአለም ከተማ የመጣ ሰው ደብረ ብርሃን ደርሶ ሌላ 130 ኪሎሜትር አዲስ አበባ ሂድ ይባላል። በግ ሸጦ፣ አስታማሚ ይዞ፣ አልጋ ተከራይቶ፣ ብር እስኪያገኝ ደሞ አይኑ አይጠብቀውም።

እድሮች፣ ማህበሮች፣ ውጪ ያላችሁም፣ የቻላችሁትን ለየሰፈራችሁ አስተባባሪ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ብሩ የሚወጣው በሶስት ሰው ፊርማ ነው። የመንዝ ሰው በግ ከሰጠም ይሸጥና ይገባል። እና እባካችሁ፣ ቤታችሁ ድንገት አይኑ ብዥ ያለበት ሰው ካለ ካሜራውን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ይዛችሁት ሂዱ።