ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ለሚወጣ ድካም ትንፋሹ ይቆጠርለት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

እግሩ የዛለ ሰው ሲያጋጥም ቀድሞ የሚጠረጠረው ብርድ ወይም ወገብ ነው። ወጌሻ ይጠራል፣ ከፋርማሲ የቫይታሚን ቢ መርፌ ይገዛል፣ ሦስት አራት ቀን ያልፋል። ጊላን ባሬ በሚባለው የነርቭ ሕመም ግን በእነዚያ ቀኖች ሰው ይሞታል። ምልክቱን አንባቢ እንዲያውቀው ይህችን ደብዳቤ እንድታትሙልን እንጠይቃለን።

ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1916 ጊላን፣ ባሬና ስትሮል የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በሁለት ወታደሮች ላይ አይተው ጻፉት። ከሦስት ታማሚ ሁለቱ ገደማ ቀደም ባሉት ሳምንታት ተቅማጥ ወይም ጉንፋን ይዟቸው ነበር። በደንብ ባልበሰለ ዶሮና ባልፈላ ወተት የሚተላለፈው ካምፒሎባክተር የተባለ ባክቴሪያ የስኳር ሽፋኑ ከነርቭ ሽፋን ጋር ይመሳሰላል። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነርቩንም ጠላት አድርጎ ያጠቃዋል።

አጀማመሩ የእግር ጣት መደንዘዝ ነው፣ ጉንዳን የሚሄድበት ያህል። ብዙ ሰው ጀርባውንም ክፉኛ ያመዋል። ከዚያ ከበርጩማ ለመነሳት በእጅ መደገፍ ይመጣል፤ ቀጥሎ እጅ፣ ፊት፣ መዋጥ። ስትሮክ በአንድ ጎን በድንገት ይመጣል፤ ይህ ግን ሁለቱንም እግር እኩል ይይዛል፣ በቀናት ውስጥም ወደ ላይ ይወጣል። ጉልበቱን በሐኪም የጎማ መዶሻ መታ ሲያደርጉት እግሩ አይፈናጠርም። ጓያ የጎዳው እግር በተቃራኒው ይደርቃል፣ ሲመቱትም አብዝቶ ይፈናጠራል። ገና ከመጀመሪያው ሽንት ከተያዘና ሆድ ወይም ደረት ላይ ድንዛዜው በመስመር ከቆመ የአከርካሪ ነቀርሳን የመሰለ ኅብለ ሰረሰርን የሚጫን ነገር ይፈለግ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ በድንገት ከለፈሰፈሰ፣ ጊላን ባሬ ቢመስልም ለፖሊዮ ቅኝት ይመዝገብ፤ በ14 ቀን ውስጥ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰድ።

ከአከርካሪ የሚቀዳው ፈሳሽ ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ነጭ ሕዋሱ ጥቂት ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ፕሮቲኑም ደህና ሊሆን ስለሚችል «ምርመራው ንጹሕ ነው» ተብሎ ታማሚ ወደ ቤት መላክ የለበትም። ነጭ ሕዋሱ በማይክሮ ሊትር ከ50 ከበለጠ ኤችአይቪን ጨምሮ ሌላ ምክንያት ይፈተሽ።

አጥብቀን የምንናገረው ስለ ትንፋሽ ነው። ታማሚው ቁጭ ብሎ እስከቻለ አየር ይሳብ፤ ከዚያ ሳያቋርጥ ድምፁን አውጥቶ በሴኮንድ ሁለት ቁጥር ያህል «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ይቁጠር። ጤነኛ ሰው 50 አካባቢ ይደርሳል። ጠዋት 35 የደረሰው ማታ 22 ላይ ካቋረጠ ሌሊቱን ብቻውን አይተው፤ ከ20 በታች ከወረደ ቦታው ፅኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ጭንቅላቱን ከትራስ ማንሳት ካቃተው፣ ድያፍራሙም፣ ማለትም ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ እየደከመ ነው ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ቆጠራ በየሁለት እስከ አራት ሰዓቱ ይደገም፣ ቁጥሩም ካርድ ላይ ይጻፍ። የትንፋሽ መለኪያው ስፓይሮሜትር ካለ፣ እስከቻለ ስቦ በአንድ ጊዜ የሚያስወጣው አየር ዝቅተኛ ወሰኑ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1200 ሚሊ ሊትር።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 97 አለ ተብሎ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ሳንባው እኮ ጤነኛ ነው፤ የደከመው ወናፉን የሚነፋው ጡንቻ ነው። ኦክስጅኑ የሚወርደው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ከአራት ወይም ከአምስት ታማሚ አንዱ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ያስፈልገዋል። የመተንፈሻ ቱቦ የሚያስገቡ ባልደረቦቻችን ጡንቻ የሚያላላውን ሳክሲኒልኮሊን የተባለ መድኃኒት እንዲተዉት እንለምናለን፤ ፖታሲየምን በድንገት አንሮ ልብን ያቆማል።

ስለ መድኃኒቱ፦ ስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች፣ ዴክሳሜታሶንም ሆነ ፕሬድኒሶሎን፣ ለዚህ ሕመም አይጠቅሙም፤ በአፍ የሚወሰደው ማገገምን ሊያዘገይም ይችላል። የሚረዳው ኢሚውኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል) ወይም የፕላዝማ ቅየራ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል አውጥቶ መተካት) ነው፤ ውጤታቸውም እኩል ነው። ኢሚውኖግሎቡሊን በቀን በኪሎ 0.4 ግራም ለአምስት ቀን ይሰጣል፤ ለ60 ኪሎ ሰው በድምሩ 120 ግራም መሆኑ ነው። መጀመር ያለበት በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ዋጋው ቤተሰብን ያራቁታል። ስለዚህ ሁለተኛ ዙር ለመግዛት ጥሪት አይሸጥ፤ በጥናት ታይቶ ጥቅም አልተገኘበትም። በዳካ፣ ባንግላዴሽ፣ ማሽን ሳይኖር ደሙን በከረጢት አዝቅጠው ፕላዝማውን እያስወገዱ ቀዩን ሕዋስ የመመለስ ዘዴ በ20 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ያ ጥናት ያየው ዘዴው ሊሠራበት መቻሉንና ደህንነቱን እንጂ ፈዋሽነቱን አይደለም፤ ቢሆንም የእኛም ሆስፒታሎች ሊያጠኑት ይገባል እንላለን።

የቀረው እንክብካቤ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ የማይከደን ዓይን ላይ ቅባት ማድረግ፣ ምግብ ከመስጠት በፊት መዋጥ መቻሉን በጥቂት ውኃ ማየት። ልብ ምቱንና ደም ግፊቱንም መከታተል ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በድንገት ይዋዥቃሉ። ሕክምና ካገኙት ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ በስድስት ወር ውስጥ ያለ ድጋፍ ይራመዳሉ። ቬንቲሌተር ላይ ያለው ታማሚ ግን አእምሮው አልተነካም፤ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ሕመምም ይሰማዋል። የዓይን ቆቡ ላይታዘዝለት ስለሚችል «አዎ ከሆነ ወደ ላይ ይመልከቱ» ብላችሁ ጠይቁት።

የነርቭ ሕክምና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ