ጥያቄው የእሷ ነበር፤ መልሱን የምሰጠው እኔ

ክቡር አዘጋጅ፣

ዳውን ሲንድሮም (አብሮ የሚወለድ፣ መማርንና መናገርን የሚያዘገይ ሁኔታ) ያላት የ8 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የማነበው 21ኛው ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ውርሳችንን የሚሸከም ክር) በሁለት ፈንታ ሦስት ስለመሆኑ ነው። እኔ ግን ቤት ውስጥ ከልጃችን ጋር ስለምንነጋገርበት መንገድ ልጽፍ ፈለግኩ።

ለዓመታት በልጄ ፈንታ የምናገረው እኔ ነበርኩ። «ስምሽ ማን ነው?» ሲሏት እመልስላታለሁ። «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» እላትና አፏን ሳትከፍት ብርጭቆውን አስይዛታለሁ። እንግዶችም ቀስ በቀስ እሷን መጠየቅ ተዉ፤ ፊቷ ቆመው «ምን ትወዳለች?» እያሉ እኔን ይጠይቁ ጀመር። ይህን ያስለመድኳቸው እኔው ራሴ መሆኔን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ «ጠይቂያትና በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ» አለችኝ። ቀላል ይመስላል። ልጅሽ ዝም ብላ ስታይሽ ግን 4 ላይ ስትደርሺ ሆድሽ ይባባል። 7 ላይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚረዱት ከሚናገሩት ይበልጣል፤ የሰሙትን ይዞ መልስ ማሰናዳት ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ የአፍ ጡንቻቸው ላላ ስለሚል ቃሉን ማውጣቱም ድካም አለው። በጆሮ ከሰሙት ይልቅ በዓይን ያዩት ይቀላቸዋልና «በቃኝ» እና «ተራዬ ነው» ማለትን በእጅ ምልክትም አስተማርናት። ምልክት ካወቀች መናገር ትተዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ምልክቱ ቀድሞ ቃሉ ተከተለው። «ተራዬ ነው» ማለት ከቻለች ወዲህ የእኩዮቿን አሻንጉሊት መንጠቅ ቀነሰች። ተንኳሽ ሲሏት የኖረችው ልጅ ለካ ቃል አጥታ ነበር!

ወላጆች፣ እባካችሁ ጆሯቸውን አስመርምሩ። በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም በእነዚህ ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ መስማታቸውንም ይቀንሰዋል። ስጠራት ዞር ባለማለቷ «እልኸኛ» ብዬ የተቆጣኋት ቀን ሁሉ ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን የሚከብደን የልጆች ጨዋታ ነው። ልጆች ይቸኩላሉ። «ትጫወቻለሽ?» ብለው ይጠይቋታል፤ «አዎ» ልትል ስትዘጋጅ እነሱ ሮጠው ሄደዋል። ያን ጊዜ እኔ ልመልስላት አፌ ድረስ ይመጣል፤ እውጠዋለሁ። ልጆቻችሁ እንደ እሷ ያለች ልጅ ሲጠይቁ፣ መልሷን ጥቂት ቆመው እንዲጠብቁ ንገሩልኝ።

አንዲት እናት