ለአባዬ፣ ከባሕሩ መልስ

አባዬ እንደምን ሰነበትክ። ደብዳቤ ከጻፍኩልህ ስንት ዘመኔ፣ ይሄንንም በስልኬ ነው የምጽፈው፣ እህቴ በወረቀት አትማ እንድትሰጥህ ነግሬያታለሁ። ድምፅ ልቅዳልህ ብዬ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም አጠፋሁት። ብቻ መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው፣ እሷ ካነበበችልህ ያልተመቻትን ትዘላለች፣ የማን ልጅ ሆና።

መስቀልን ዘንድሮ ባሕር ዳር ነው የዋልነው፣ ጣናን እንዳታስብ፣ የውቅያኖሱን ዳር ማለቴ ነው። እዚህ በመስቀል ሰሞን ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት ይዘጋል፣ እና ልጆቹን ይዘን ሰንሻይን ኮስት ሄድን፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ነው፣ ከብሪዝበን ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል። ከሜልበርን ጃኬት ለብሰን ተነስተን ከሁለት ሰዓት ምናምን በረራ በኋላ ስንወርድ ልጆቹ ገና ሻንጣ ሳንቀበል ጫማቸውን አወለቁ። እኔ ግን ስንመለስ አውሮፕላን ውስጥም ሆኜ የማስበው ያን እግርህን ነበር። እሱን በኋላ።

ያረፍነው ሙሉላባ የሚባል ቦታ ነው። አሸዋው የሽምብራ ዱቄት ይመስላል፣ ውሃው ግን አንተ እንደ ሾርባ ይሞቃል እያልክ ስትነግረን የኖርከው የአሰብ ባሕር አይደለም፣ መጀመሪያ ሲነካህ ትንፋሽህን ያስውጥሃል። ኤንትሬውን አቁመህ ከረዳትህ ጋር ማታ ማታ ትነከር እንደነበር ለልጆቹ ነገርኳቸው፣ ትልቁ ወዲያው "አባባ ዋና ይችላል?" አለኝ፣ ምን እንደምለው ጠፋኝ፣ ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን ጠይቄህ አላውቅም። ትችላለህ?

ዓሣ ነባሪም አየን። ሀምፕባክ የሚሏቸው ናቸው፣ የደቡቡን ብርድ ሸሽተው ሰኔ ላይ ወደ ሞቃቱ ውሃ ይወጡና ወልደው ይመለሳሉ፣ እኛ የደረስነው መመለሻቸው ላይ ነው፣ እናቲቱ ግልገሏን ከጎኗ አድርጋ። ኑሳ ብሔራዊ ፓርክ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመን አካላቸውን እንኳን በቅጡ አላየንም፣ ትንፋሻቸውን ብቻ፣ ነጭ ጭስ ቡን ይልና ከጎኑ ደግሞ ትንሽዬ ሌላ ቡን ይላል። ትንሿ ልጄ ለትንሹ ጭስ እጇን ስታውለበልብ ቆየች፣ እንሂድ ብንላት እምቢ።

መድኃኒትህን በሰዓቱ ትውጣለህ? የግፊቱን ማለቴ ነው። ካለቀ አለቀ በለኝ። ባለፈው የላኩት ገንዘብ ለጣራው እንደዋለ ሰምቻለሁ፣ ጣራው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ምን አስቸኮለው?

አውስትራሊያ ዙ የሚባለው የእንስሳት ማቆያም ሄድን፣ ቢርዋ ላይ ያለው። ያ የአዞ ሰውዬ፣ ስቲቭ ኧርዊን፣ በቴሌቪዥን ባየኸው ቁጥር "ይሄ ሰው ቤተሰብ የለውም እንዴ" ትለው የነበረው። ነበረው እኮ አባዬ። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1970 የከፈቱት ወላጆቹ ናቸው፣ እሱ ተረከባቸው፣ በ2006 ባሕር ውስጥ ስቲንግሬይ የሚባል ዓሣ ወግቶት ሲሞት ወንዱ ልጁ ሦስት ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር። ዛሬ ያ ልጅ አድጎ እዛው አባቱ የቆመበት ላይ ቆሞ አዞ ያበላል። እኛ የሄድን ቀን ሌሎች ናቸው ያበሉት፣ አዞው ከውሃው ተወርውሮ ሲወጣ ትንሿ በፀጉሬ ተንጠለጠለች። አዞው ዶሮውን በላ፣ እኛ ደግሞ ማታ አንድ ባሕር ዳር ያለ ቤት ዓሣና ድንች ጥብስ አዘን ተበላን፣ ዋጋውን አልነግርህም፣ ግፊትህ ይነሳል።

የወደድኩት ጫካውን ነው። ሜሌኒ ከምትባል ተራራ ላይ ያለች ከተማ አጠገብ ሜሪ ኬርንክሮስ የሚባል የዝናብ ደን አለ፣ 55 ሄክታር ገደማ። ዙሪያው ያለው ሁሉ ድሮ ተመንጥሮ ግጦሽ ሆኗል፣ ይሄ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1941 ሦስት እህትማማቾች ናቸው ለእናታቸው መታሰቢያ ይሁን ብለው ለሕዝብ የሰጡት፣ ሜሪ ኬርንክሮስ የእናትየው ስም ነው። እዛ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ሚስቴ ና እንጂ ብላ ጠራችኝ።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ የምትሄደው በተነጠፈ እንጨት ላይ ነው። ፓድሜለን የሚሉት ድመት የሚያክል ካንጋሮ ከእግራችን ሁለት እርምጃ ላይ የወደቀ ፍሬ በሁለት እጁ ይዞ ያኝካል፣ ደንታም የለው። አንድ ዛፍ ደግሞ አለ፣ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው፣ ወፍ ፍሬውን በልታ ሌላ ዛፍ ጫፍ ላይ ትጥለዋለች፣ እዛው በቅሎ ሥሩን እንደ ገመድ ወደ ታች ይለቃል፣ መሬት ሲነካ እየወፈረ የተሸከመውን ዛፍ ዙሪያውን ያቅፈዋል፣ በመጨረሻ ያቀፈው ይቆምና የታቀፈው በስብሶ ያልቃል። ልጆቹ በሥሮቹ መሃል ባለው ቀዳዳ አፋቸውን አስገብተው ስማቸውን ጮኹበት።

ከጫካው ስትወጣ ፊት ለፊትህ ግላስ ሃውስ የሚባሉት ተራሮች ተደርድረዋል። የድሮ እሳተ ገሞራ ናቸው፣ ጉሮሮው ውስጥ የጠነከረው ድንጋይ ቀርቶ ዙሪያው ታጥቦ የሄደ፣ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ካፒቴን ኩክ ነው፣ በ1770 በመርከብ ሲያልፍ። የአገሩ ባለቤቶች፣ ጂኒባራና ካቢ ካቢ የሚባሉት ሕዝቦች፣ የሚተርኩት ግን ሌላ ነው፣ ተራሮቹ አንድ ቤተሰብ ናቸው። አባት ቲብሮጋርጋን፣ እናት ቢርዋ፣ ሌሎቹ ልጆች። ባሕሩ ሲሞላ አባት ትንንሾቹን ሊሰበስብ ሮጠ፣ ትልቁን ልጅ ኩኖውሪንን እናትህ ነፍሰ ጡር ናት፣ እርዳት አለው። ዞር ሲል ልጁ ጥሏት ብቻውን ሲሮጥ አየው። በዱላ አንገቱን መታው፣ ተራራው እስከ ዛሬ አንገቱ ጠማማ ነው። ለምን ተውካት ቢባል ከሁላችንም ትልቋ እሷ ናት፣ ራሷን ትችላለች ብዬ ነው አለ። አባትየው ይኸው ጀርባውን ሰጥቶት ባሕር ባሕሩን እያየ ቀረ። ትልቁ ልጄ "ከመምታቱ በፊት ለምን አልጠየቀውም?" አለ። እኔ ያሰብኩት ቦሌ የሸኛችሁኝን ቀን ነው፣ እማዬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ ስታለቅስ አንተ ጀርባህን ሰጥተህ የሰው ታክሲ ጎማ በእግርህ መታ መታ እያደረግክ ታያለህ።

እሺ፣ ልናገረው። ባለፈው እሁድ ስደውል እህቴ "አባዬ ጸበል ሄዷል" አለችኝ። በኛ ቤት ይሄ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። እማዬም ጸበል ሄዳ ነበር። አንድ ወር ሙሉ በደወልኩ ቁጥር እንጦጦ ናት፣ ኔትወርክ የለም፣ ደህና ናት፣ አንተ ፈተናህን ተፈተን ስትለኝ፣ እኔም ተፈትኜ አለፍኩና ማለፌን ንገርልኝ አልኩህ፣ "እነግራታለሁ" አልከኝ። እነግራታለሁ! ከዛ ቅዳሜ ንጋት ላይ በሬ ተንኳኳ፣ ስከፍት ሰባት ሰው ጥቁር ለብሶ ደረጃው ላይ ቆሟል፣ አራቱን ከዛ በፊት አይቻቸው አላውቅም። አርባዋ ሊወጣ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። 14 ዓመት ሆነው፣ አንድም ቀን አንስቼብህ አላውቅም። ለኔው አስበህ እንደሆነ ይገባኛል፣ ሁሉም ቤት እንደዛ ነው፣ ብቻውን ያለ ልጅ በስልክ አይረዳም ምናምን። ግን እናንተ አፈር ስታለብሷት እኔ "እንዴት ናት" እያልኩ ነበር አባዬ።

አሁን ደግሞ እኔ ያልነገርኩህን ልንገርህ። በሦስተኛው ቀን ትልቁን ልጅ ባሕሩ ወሰደብኝ። እዚህ ጠባቂዎቹ ቀይና ቢጫ ባንዲራ ሁለት ቦታ ይተክላሉ፣ ዋና በሁለቱ መሃል ብቻ ነው። ከዛ ውጪ ሪፕ የሚሉት አለ፣ ባሕር ውስጥ ወደ ውስጥ የሚሄድ ወንዝ በለው፣ ላዩን ስታየው እንዲያውም ከሌላው የተረጋጋ ነው የሚመስለው። ኳስ ሲከተል ከባንዲራው ወጣ አለና ያዘው። እኔ ዋና አልችልም። እስከ ወገቤ ገብቼ ስሙን ጮህኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። እሱ ግን ትምህርት ቤት ያስተማሩትን አደረገ፣ አልታገለም፣ በጀርባው ተንጋሎ አንድ እጁን አነሳ። ሃያ ዓመት የማይሞላት ጠባቂ በሰሌዳ ቀዝፋ ደርሳ አመጣችው፣ ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አይሞላም። አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ መጀመሪያ ያለው "ኳሴስ?" ነው።

የዛን ዕለት ነው የደወልክልኝ፣ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አንተ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት። ልጆቹስ አልከኝ፣ ሁሉ ሰላም፣ ባሕሩን ወደውታል አልኩህ። አንተስ አልኩህ፣ ደህና ነኝ፣ እግሬን ትንሽ ነው አልከኝ። ስልኩን ሳስቀምጥ ልጁ እያየኝ ነበር። "ለምን ዋሸኸው?" አለኝ። እንዳይጨነቅ ነው አልኩት።

እግርህን አይቼዋለሁ። ልትነሳ ስትል ካሜራው ወረደና የነጠላ ጫማው ማሰሪያ ሥጋህ ውስጥ ሰርጎ አየሁት። እኔ እኮ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው፣ በቀን ስንት እግር ነው የማጥበው፣ በጣት ጫን ስታደርገው ጎድጉዶ የሚቀር እግር ልብም ኩላሊትም ይታይ ማለት ነው። ጸበልህን ተጠመቅ፣ አልከለከልኩህም፣ ግን መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፣ ቄሱን ጠይቃቸው፣ እሳቸውም አቋርጥ አይሉህም። የቪዛውም ነገር አሁን ነው የገባኝ፣ ልትመጣ እሺ ብለህ ፎቶ ሁሉ ከተነሳህ በኋላ 75 ላለፈው ሰው የጤና ምርመራ ይጠይቃሉ ያልኩህ ሳምንት ነው አውሮፕላን አይመቸኝም ያልከው።

ያን ሁሉ ዓመት በአፋር በረሃ እየነዳህ እንዳስተማርከኝ አልረሳሁም፣ አመሰግናለሁ፣ እሱን ሌላ ቀን በደንብ እጽፈዋለሁ። ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ እንዳለህ ከእህቴ አውጣጥቻለሁ፣ እንዳትቆጣት። የሚሉህን ራስህ ደውለህ ንገረኝ፣ ሥራ ላይ ብሆንም አነሳለሁ፣ ሌሊት ከሆነም ሌሊት። ታህሣሥ ላይ ፈቃድ አለኝ፣ ትኬቱን አይቼዋለሁ፣ አልቆረጥኩም፣ ስልክህን ነው የምጠብቀው። ያንዲና የምትባል ቦታ ከዝንጅብል ፋብሪካው የዝንጅብል ማርማላታ ገዝቼልህ ነበር፣ ስኳርህ ትዝ ሲለኝ እኔው በዳቦ እየጨረስኩት ነው። የዋናውንም ነገር መልስልኝ፣ ልጁ በየቀኑ እየጠየቀኝ ነው።

ልጅህ