ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትነኪ

ልጄ፣

ወንድምሽ የነገረኝን ሰምቼ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ቫኗ ጋቢና ውስጥ ጣፋጭ ነገር ይሸተኛል፣ ምንጣፉ ረጥቧል፣ ማሞቂያውም ብዘጋው አልዘጋ አለኝ ብለሽዋል። ቅዳሜ ደግሞ መንገድ ልትወጪ ነው። ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም? እሺ፣ ለምን እንዳልነገርሽኝ አውቃለሁ። ይቅር።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ።

የተበላሸው የሂተሩ ቫልቭ ይመስለኛል። የዛሬ ስንት ዓመት በእጄ የቀየርኩት ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ከሞተሩ የሚመጣውን ትኩስ ውሃ ወደ ማሞቂያው ያሳልፋል ወይም ይዘጋል። ክሩስኮቱ ላይ፣ ማለት መሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ላይ፣ ያለችውን እጀታ ስትገፊ ቀጭን ሽቦ ይጎትተዋል። አካሉ ፕላስቲክ ነው። ሲግል ሲበርድ ኖሮ ኖሮ ይሰነጠቃል።

ግን ሳታረጋግጪ አትፍቺ። ሁሉንም በጨርቅ አድርቂና ሞተሩን አስነሺ። መጀመሪያ የሚረጥበው የቱ ጋ ነው? የፊት መስታወቱን ከውስጥ ቅባት ያለው ጉም ከሸፈነው የሚያፈሰው ቫልቩ ሳይሆን ማሞቂያው ራሱ ሊሆን ይችላል። ያ ሌላ ጣጣ ነው። ያኔ ደውይልኝ።

ቫልቩ ከሆነ አዲሱን ሳትይዢ አሮጌውን እንዳትፈቺ። ሽቦው የታሰረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጊበት፣ ፎቶም አንሺው። ቱቦው አልወጣ ካለሽ አትጎትቺው! አውቅሻለሁ፣ ትጎትቻለሽ። የማሞቂያው አፍ ስስ ነው፣ ይታጠፋል። ቱቦውን በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቂና ላጪው። ቱቦ በቀላሉ ይተካል፤ ማሞቂያውን ለማውጣት ግን ክሩስኮቱን ማውረድ ሊያስፈልግ ነው። አዲሱ ቫልቭ ላይ ቀስት ካለ ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው፤ አታዙሪው። የቱቦዎቹን ማሰሪያ አዲስ አድርጊ። አሮጌውን ለመቆጠብ ብለሽ መልሰሽ እንዳትጠቀሚ፤ የእኔን ስስት አትውረሺ።

የምትፈቺውም የምትገጥሚውም ሞተሩ በርዶ ነው። ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትነኪ ብያለሁ።

ለምን እንደምደጋግመው ልንገርሽ። ያኔ አንቺ አልተወለድሽም። በዚህችው ቫን ሌሊት ስንጓዝ የሞተሩ ሙቀት ከልክ በላይ ወጣ። መንገድ ዳር አቆምን። እናትሽ የእጅ ባትሪ ያዘችልኝ። «ትንሽ ብንጠብቅ አይሻልም?» አለች። እኔ ደግሞ አዋቂ! «ዝም ብለሽ አብሪ» አልኳት። ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ግሎም ላይፈላ ይችላል፤ ግፊቱ አፍኖ ይይዘዋላ። ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ይወርዳል፣ ውሃው በአንዴ እንፋሎት ይሆናል። እኔ ጎንበስ ብዬ ስለነበር አመለጥኩ። እሷ ግን ባትሪውን እንደያዘች ነበረች።

ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ እሱ ነው። ድስት አይደለም። ድስት ነው ያለችው እሷ ናት፣ እኔን ላለማሳጣት። እኔም ዝም አልኩ። አንቺ ልጅ ሆነሽ «እማ፣ ድስቱን ምን አደረግሽው?» ስትያት እዚያው ተቀምጬ እሰማ ነበር። እስከ ዛሬ ኮፈን ሲከፈት ዞር ትላለች። አስተውለሻል?

ውሻሽን እሰሪያት። ኩላንት፣ ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ይጣፍጣል፤ ለውሻ ግን መርዝ ነው፣ ጥቂቱም ይገድላታል። የፈሰሰውን ወዲያው እጠቢ፣ የቀዳሽውንም ክፍት አትተዪው።

መልሰሽ ስትሞዪ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ። የቫኗን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሚ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ የማሞቂያዋን እጀታ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገሽ፣ ሞተሩን ከብርድ አስነሺ። ከኋላ መኝታው ሥር ያለችውን ሁለተኛዋን ማሞቂያም ክፈቺ፤ ያ ረጅም ቱቦ አየር ይደብቃል። አረፋው ሲያበቃ ክደኚው። በማግስቱ ሲበርድ ደረጃውን እዪ፣ መጉደሉ አይቀርም።

መንገድ ላይ ከፈሰሰብሽ ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለቱን ቱቦዎች በቁራጭ ቧንቧ አገናኚና ያለ ሙቀት ሂጂ። ብርድ ልብስ አለሽ። የሙቀት መርፌው ወርዷል ብለሽ ደግሞ አትታለዪ፤ ውሃው ካለቀ መርፌውም ሊዋሽ ይችላል። አቁሚ። ጠብቂ። እጅሽን ከክዳኑ አርቂ።

ቅዳሜ ካልደረሰ እሑድ ሂጂ። ማን ያባርርሻል?

እናትሽ ይህን ደብዳቤ አላየችም። ስለ ጠባሳው እንዳትጠይቂያት፤ መናገሬን እኔው እነግራታለሁ። ፒንሳዬን በወንድምሽ ልኬልሻለሁ፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለውን። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪም አለበት። አጠገብሽ ቆሞ የሚያበራልሽ ሰው እንዳትፈልጊ ብዬ ነው።

አባትሽ