ትርጉማቸው የተረሳ የጠረፍ ስሞች

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ባወጣችሁት ጽሑፍ በጌሊክ፣ ማለትም በአገሩ ጥንታዊ ቋንቋ፣ የተሰየሙ የቦታ ስሞች ሳይተረጎሙ መታለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል፤ ለዓሣ አጥማጁ እነዚህ ስሞች የመንገድ ምልክቶች ነበሩና። «ሩዋ» ወደ ባሕር የገባ የየብስ ጫፍን፣ «ስጌር» ማዕበል የሚመታውን ቋጥኝ፣ «ኢንቨር» የወንዝ አፍን ይጠቁማል፤ ሎክኢንቨር የተባለው የጠረፍ መንደርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በሳንድዉድ የባሕር ዳርቻ አጠገብ ከውኃው መካከል ብቻውን የቆመው የድንጋይ ዓምድ «አም ቡአኻይለ»፣ ማለትም እረኛው ይባላል፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ስም ነው። በዚሁ ጠረፍ ያለው የአፕልክሮስ መንደር ስም ለእንግሊዝኛ አንባቢ ፖምና መስቀል ቢመስለውም፣ ጥንታዊ ስሙ የክሮሳን ወንዝ አፍ ማለት ነው፤ በጌሊክ ደግሞ «አ ኾምሪኽ»፣ መማጸኛው ይባላል፤ ቅዱስ ማልሩባ በ673 እ.ኤ.አ. ገዳም ከመሠረተበት በኋላ ሸሽቶ የገባበት ሰው ይጠበቅ ነበርና። ወደፊት ስሞቹን ከነትርጉማቸው እንድታትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ